በአንሶላው ቀዳዳ ያለፈው ክር

እሑድ በዚህ አገር አውሮፕላን አይበርም፤ ጀልባ አይነሳም፤ ሱቅ አይከፈትም። እግዜር ያረፈበት ቀን ነው ተብሎ ሰው ሁሉ አብሮት ያርፋል። በሽታ ግን ሰንበት አያከብርም። ፎላው ሆዱን ይዞ የወደቀውም እሑድ ጠዋት ነው፤ ለምሳ የሚበስለውን አሳማና ጎደሬ ጉድጓድ ውስጥ ሊቀብር የጋለ ድንጋይ ሲያገላብጥ። ሚስቱ ቫይሞአናና አክስቱ ሜሌአኔ መኪና ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሱት። እምብርቱ አጠገብ ካለው የድሮ ቀዶ ሕክምና ጠባሳው ሥር ለዓመታት ሲወጣና ሲገባ የኖረው እብጠት ያን ጊዜ እንደ ጡብ ጠንክሮ አልመለስም ብሎ ነበር።

በደሴቲቱ ላይ ያለው ቀዶ ሐኪም አንድ ብቻ ነው። እሷም የፎላው እህት ናት።

ሂንጋኖ ነገሩን የሰማችው ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ በአገሩ የክብር ልብስ ወግ ምንጣፏን ወገቧ ላይ ታጥቃ ከቤት ስትወጣ ነው። ስልክ የደወለችላት ማደንዘዣ የምትሰጠው ነርስ ኡንጋቴያ ናት። ኡንጋቴያ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም።

«ወንድምሽ እዚህ ነው። አንጀቱ ታንቋል። እስከ ነገ አይቆይም።»

«ጠቅላላ ሐኪሙን፣ ዶክተር ፔኒሲማኒን ጥሪያቸው።»

«መጥተዋል። ላብ እያጠመቃቸው ነው። ‹ሂንጋኖ ከሌለችበት ቢላ አላነሳም› ይላሉ።»

ሂንጋኖ ስልኩን እንደያዘች ደጇ ላይ ቆመች።

ሁለቱ ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ በልጅነታቸውም በአንድ ታንኳ ዓሣ ያጠመዱ ናቸው። የፎላው ድምፅ መጎርነን ሲጀምር ግን እንደ ማንኛውም ወንድም መኝታውን ይዞ ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም ከቤተ ክርስቲያን በቀር አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አያውቁም። በአንድ መንገድ ከተገናኙ አንዳቸው ይታጠፋል። ሰው ስለ ገላ ቀልድ ከጀመረና ሁለቱም ካሉ አንዱ ተነስቶ ይወጣል። ነገሩ ጥል አይደለም፤ ክብር ነው። እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ ወንድምም የእርሻውን የመጀመሪያ ቦዬ እህቱ ደጃፍ ሳያደርስ አይቀምስም። የወንድሟን ሆድ ገልጣ የምታይ እህት ግን በዚህ አገር አልተወለደችም። ተወልዳ ከሆነም ሰው ስሟን አይጠራም።

ሂንጋኖ ይህን የመሰለ መስመር አንድ ጊዜ ተሻግራለች። በአባቷ ጊዜ።

አባታቸው ኪሲዮኔ ልክ እንደ ፎላው የድሮ ቀዶ ሕክምና ጠባሳው ላልቶ የሆዱ ግድግዳ መሐል ለመሐል ተከፍሎበት ነበር። ሂንጋኖ ያኔ በዋናው ደሴት ሙያውን የምትማር ሐኪም ናት። አለቃዋ ስማቸው ከባሕር ማዶ የሚጠራ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በዚያን ቀን ረዳታቸው ታሞ ቀረና «ነይ ታጠቢ» አሏት። ልጅ የአባቷን ገላ አትነካም። እሷ ግን አለቃዋን እንቢ ማለት አቅቷት ታጥባ ገባች። «ሳቢ» አሏት፤ የሆዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ይዛ ወደ መሐል ሳበች። እጇ ወዲያው አወቀ። ከአቅም በላይ የሆነ ዓሣ ክሩ ላይ ሲሰቀል መዳፍ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያንን ተሰማት። ሥጋው አልመጣም እያለ ነበር። ቀና ብላ አለቃዋን አየች። እሳቸው አጎንብሰው ይሰፋሉ። ትልቅ ሰው ሲሠራ በዚያ ክፍል አፉን የሚከፍት አልነበረም፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ መሳቧን ቀጠለች። ስፌቱ ሲያልቅ ያየ ሁሉ አደነቀ።

በማግስቱ የአባቷ ትንፋሽ አጠረ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ሽንቱ ቆመ፤ ሳንባው የሚሰፋበት ቦታ አጣ። አየር ይስባል፣ መሐል ላይ ይያዛል፣ እንደገና ይስባል። እሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ይህንን ስትሰማ ዋለች። ደግመን እንክፈተው ብለው ሲወስኑ ጊዜው አልፎ ነበር።

በቀብሩ ላይ ፎላው ሰው ሁሉ እየሰማው «እጇን አባታችን ገላ ላይ አሳረፈች፤ የገደለው ነውሩ ነው» አለ። እህት ከወንድሟ ጋር አደባባይ ላይ አትከራከርም። ደግሞስ ምን ትበል? ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያው ቦዬ ደጃፏ መምጣቱ ቀረ።

የአባቷ ትንፋሽ ግን ከጆሮዋ አልቀረም። ሆድ ስትዘጋ፣ ሁለቱ ጫፎች ሊነካኩ ሲሉ፣ ከግራ ትከሻዋ በስተኋላ ይጀምራል። ይስባል፣ ይያዛል፣ ይስባል። መጀመሪያ የመተንፈሻው ማሽን መስሏት አስፈተሸችው። ቀጥሎ በሽተኛው መሰላት። ኋላ ላይ ግን ለሚድነውም ለማይድነውም፣ ለላላውም ለተወጠረውም እኩል እንደሚመጣ ገባት። ያስፈራታል እንጂ ምንም አይነግራትም። አንዳንዴ እጇን ሳታቆም በልቧ «አባዬ፣ በቃ» ትለዋለች። አይሰማትም።

ጆሮዋን ማመን አልቻለችም። እጇንም ፈራችው፤ እጅ ያወቀውን አፍ ሊውጠው እንደሚችል አይታለችና። ስለዚህ ሚዛን ገዛች። ዓሣ አጥማጆች ከቻይናው ሱቅ የሚገዙት፣ ከላይ ቀለበት ከታች መንጠቆ ያለው ተራ የብረት ሚዛን ነው። ቀቅላ፣ በእንፋሎት አጽድታ ከመቀሶቹ ጋር አስቀመጠችው። የሆዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ትይዝና መንጠቆውን ታስገባለች፤ ወደ መሐል ትስባለች፤ ጫፉ መሐል ሲደርስ የሚዛኑ ጠቋሚ የት እንደቆመ ታያለች። ብዙ ሆድ ከለካች በኋላ ‹ከዚህ በላይ አይሳብም› ባለችው ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመረች። ጠቋሚው ቀዩን ካለፈ ሆዱን በግድ አትዘጋም፤ ክፍተቱን ለሕክምና የተሠራ መረብ ታለብሰዋለች። ፔኒሲማኒ «ዛሬስ ዓሣችን ስንት ገባች?» እያለ ይቀልድባታል። ገበያ ውስጥ ሳይቀር ባለ ሚዛኗ ነው የሚሏት።

ምንጣፏን ሳትፈታ ሆስፒታል ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ አክስቷ ሜሌአኔ አግዳሚ ወንበሩን ብቻዋን ሞልታ ተቀምጣለች። የአባት እህት ናትና በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከእሷ ቃል በላይ የሚሄድ ቃል የለም። ባርኮቷም እርግማኗም ይደርሳል ይባላል። ጭኗ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«መጣሽ? ተቀመጪ። አይ፣ አትቀመጪ፤ ጊዜ የለም።»

«አክስቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«እንዴት አድራለሁ! ያ ግትር ወንድምሽ ሲያመው ከርሞ ለሐኪም ትንፍሽ አላለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ስንቴ ጮኽኩ። እኔ የምችለውን አድርጌ ነበር።»

ሂንጋኖ ጨርቁን አየች። ምን እንደሆነ ሳይነገራት አወቀች። ባለፈው ወር ፎላው ሆዴን ማለት ሲያበዛ ሜሌአኔ የአባታቸውን መቃብር አስከፍታ ነበር። በሕይወት ያለውን የሚያመው፣ የሞተው አጥንት ሲጨነቅ ነው ይባላልና። ሂንጋኖ ሥራ አለብኝ ብላ ቀርታለች። የሄዱት እንደነገሯት ቶአ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ አንድ ሥር የመቃብሩን ነጭ አሸዋ ሰንጥቆ ገብቶ፣ ሆዱ በነበረበት ቦታ ላይ በአግድም ተኝቶ ነበር። ቆርጠው አወጡት፤ አጥንቱን በዘይት አጥበው መለሱት።

«ለምን ይዘውት መጡ?»

«የት ልጣለው? ተመልከቺው፣ የሰው ክንድ ያህላል።» ጨርቁን ልትፈታ ስትል ሂንጋኖ እጇን ያዘች።

«አሁን አይሁን፣ አክስቴ።»

«እሺ። ስሚኝ እንግዲህ። እጅሽ ወንድምሽን አይነካም። ዓይንሽም አያየውም። ቃልሽ ግን ይግባ። ያ ፔኒሲማኒ ይቁረጥ፣ አንቺ ንገሪው። መሐል ላይ ይጋረድ።» ከአግዳሚው ሥር የተጠቀለለ የዛፍ ልጥ ጨርቅ ጎትታ አወጣች። «ይሄንን ጋርዱበት።»

ኡንጋቴያ በበሩ ብቅ ብላ ነበር። «እማማ፣ ይሄ እኮ አቧራ ነው! የተከፈተ ሆድ አጠገብ?»

«አቧራ? የአያቴ ሠርግ ላይ የተነጠፈ ነው!»

«ለዚያ ነዋ!»

በመጨረሻ የልጥ ጨርቁ ኮሪደሩ ላይ ተነጠፈ፤ ውስጥ ደግሞ የሆስፒታሉ አረንጓዴ አንሶላ በሁለት የግሉኮስ መስቀያ መሐል ተወጠረ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቢገፉትም ገርበብ እንዳለ ይቀራል። ሂንጋኖ አስተካክሉልኝ ብላ ለምና ለምና ደክሟታል። ሜሌአኔ አግዳሚዋን ስባ በዚያ ክፍተት አጠገብ ተቀመጠች።

ፎላው ከተኛ በኋላ ሂንጋኖ ታጥባ፣ ጓንት አድርጋ ገባችና ከአንሶላው ወዲህ፣ ከወንድሟ በስተቀኝ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የምታየው አረንጓዴ ጨርቅና በራስጌው በኩል የኡንጋቴያን ግንባር ብቻ ነው። ማሽኑ አየር ይገፋል፣ ይለቅቃል። ከኮረብታው ሥር የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ያለ መሪያቸው ጀምረዋል፤ መሪያቸው ፎላው ነው፤ እሱ ከሌለ ወንዶቹ ይጎተታሉ። ሂንጋኖ የወንድሟን ድምፅ ባለፉት ዓመታት የሰማችው በዚያ መዝሙር ውስጥ ብቻ ነበር። በሴቶቹ ወንበር ላይ ሆና ዓይኗን ጨፍና ከሁሉም ድምፅ የእሱን ትለይ ነበር። ዛሬ እዚህ ከሞተ ያም ይቀራል፤ ደሴቱም እንደገና እጇ ገደለው ይላል። እሷም እንደ ደሴቱ እንዳታምን ፈራች።

«ከፍቻለሁ» አለ ፔኒሲማኒ ከወዲያ። እናቶችን ያዋልዳል፣ ትርፍ አንጀት ያወጣል፤ እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን የጨዋ አፍ ነው። «ያ... የምናውቀው ነገር አለ። ወጥቷል።»

«ምኑ?»

«ያው እሱ።»

«አንጀት ይበሉኝ እንጂ፣ ዶክተር!»

«በአንቺ ፊት? አክስትሽ በር ላይ ተቀምጣ?»

«ፔኒሲማኒ!» አለች ሜሌአኔ ከውጭ። «አንጀት በል! እግዜር ራሱ ነው የፈጠረው!»

መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ሳቋን በአፍ መሸፈኛዋ ዋጠች። ፔኒሲማኒ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፤ አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። የታነቀበትን ቀዳዳ ሳሰፋለት ግን እየቀላ ነው።»

«ሙቅ ውሃ የነካው ጨርቅ ያልብሱትና ይጠብቁ። ይንቀሳቀሳል?»

ቆይቶ «ተንቀሳቀሰ» አለ። «እንደ ትል ተንቀሳቀሰ፣ ልጄ። ድኗል።»

ከኮረብታው ሥር መዝሙሩ ቀጥሏል። አንጀቱን ወደ ቦታው እንዲመልስ፣ የግድግዳውን ጫፎች ዙሪያውን እንዲያጸዳ ሂንጋኖ ነገረችው፤ እሱም እሺ እያለ ሠራ። ከዚያ የሚቀረው መዝጋት ነው።

«ሚዛኑን ያስገቡ።»

ብረት ከብረት ሲነካካ ሰማች።

«ከቀዩ በታች ነው።»

«ጫፉ መሐል ደርሶ?»

«ደርሶ። ዛሬ ዓሣችን ትንሽ ናት።» ሳቀ።

‹በሉ ዝጉት› የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ከግራ ትከሻዋ በስተኋላ ጀመረ። ይስባል፣ ይያዛል፣ ይስባል።

ሁልጊዜም ይመጣል፣ አለች ለራሷ። ለላላውም ይመጣል። ይህ ምንም ማለት አይደለም።

«ኡንጋቴያ፣ ማሽኑ እንዴት ነው?»

«አሁን ጫፎቹን ሲያቀራርቧቸው ትንሽ ከበደው። ግን ሰውየው ወፍራም ነው፤ ምኑን ልወቅ።»

«ዶክተር፣ እንደገና ያንብቡልኝ።»

«ደህና ነው፣ ልጄ። ደህና ነው።»

ይህን ቃል በዚህ ድምፅ ደሴቱ ሁሉ ያውቀዋል። ፔኒሲማኒ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ቤተሰብ፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ የሚለው ቃል ነው። ክፉ ወሬ ከአፉ አይወጣለትም፤ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው። ሂንጋኖ ከአንሶላው ወዲያ ያለውን ፊቱን በልቧ አየችው።

ተነስታ ጨርቁን መግፈፍ ትችል ነበር። እጇም ተነስቷል። አባቷ ላይ ከመስመር አልፋ የሆነውን ሁሉ አሰበች፤ ፎላው ከእንቅልፉ ነቅቶ እህቱ ሆዱን እንዳየች ሲሰማ የሚሆነውን አሰበች። በሕይወት ቢተርፍ እንኳ ደሴቱን ለቆ ይሄዳል፤ ታውቀዋለች። እጇን መለሰች።

«የመቆንጠጫውን ቀለበት በጠንካራው የናይለን ክር እሰሩት» አለች። «አንሶላውን ብሱና ጫፉን ለእኔ አሳልፉልኝ። ሚዛኑንም ስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊ?» አለ ፔኒሲማኒ።

«እኔ ልሳብ። እርስዎ መሐል ሲደርስ ይንገሩኝ።»

ከበሩ «እጅ አይደለም፤ ክር ነው» የሚል የሜሌአኔ ድምፅ መጣ። «ይሁን።»

መቀስ ከወዲያ አንሶላውን ወጋው። በቀዳዳው ናይለኑ ብቅ አለ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እርጥብ። ሂንጋኖ መንጠቆው ላይ አሰረችውና ሚዛኑን በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ ወደራሷ ሳበች።

ከወዲያ ወንድሟ ነበር። ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም፣ ልጆች ሆነው ታንኳው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ከተቀመጡበት ጊዜ ወዲህ። አባታቸው ክሩን የሚሰጠው ለእሷ ነበር፤ «የሂንጋኖ እጅ ከዓሣው ቀድሞ ያውቃል» እያለ። እውነትም ያውቅ ነበር። ግን ዓይነ አፋር ናት፤ ሲነክስ ጮሃ አትናገርም። ፎላው ነው ሁልጊዜ ጎኗን እየነቀነቀ «ያዘ? ያዘ እንዴ? ንገሪን እንጂ!» የሚለው። እሷ አፏን እስክትከፍት ስንቱ ዓሣ አመለጠ። አባታቸው አይቆጣም ነበር። «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ብቻ ይስቃል፤ «እጅ ያውቃል፣ አፍ ይተኛል።»

ጠቋሚው ወደ ቀዩ ተጠጋ።

«መሐል ደረሰ?»

«ገና።»

ቀዩን ነካ። እጇ ከሚዛኑ በፊት አውቆ ነበር፤ ያው የድሮው ክብደት፣ ያው አልመጣም የሚል ሥጋ ነው።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።» ድምፁ አንሷል። «ሂንጋኖ፣ ይብቃሽ።»

ጠቋሚው ቀዩን አልፎ ቆመ። ሲቆምም ዝም ብሎ አልቆመም። ማሽኑ አየር ሲገፋ ከፍ ይላል፣ ሲለቅቅ ዝቅ ይላል። ክሩ በጣቶቿ መሐል ይተነፍስ ነበር። ከትከሻዋ በስተኋላ ያለው ትንፋሽም ይሰማታል፤ እሱ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ክር እንኳ ስቦ አያውቅም። ይኼኛው ይስባል። የሞተው ይሰማል፣ ያለው ይስባል። ሁለቱን እንዲህ ለይታ ስታውቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋ መሸፈኛዋ ውስጥ ወረደ።

ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ ተናገረች። «ከቀዩ አልፏል። ጫፉም መሐል አልደረሰም። አይዘጋም።»

ክሩን አላላች። ማሽኑ ረጅም አየር ገፋ።

«መጀመሪያም አልፎ ነበር» አለ ፔኒሲማኒ።

«ገብቶኛል።»

«ሳይተኛ እጄን ያዘኝ፣ ልጄ። ‹ሙሉ አድርገህ ዝጋኝ› አለኝ። ‹አባቴ እንኳ ተዘግቶ ነው የተቀበረው፤ እኔ ሆዴን ክፍት አድርጌ መዘምራን ፊት አልቆምም› አለኝ። ቃል ሰጠሁት። ደግሞ ለእህቱ ‹የወንድምሽ ገላ እንቢ አለ› ብዬ በምን አፌ ልናገር?»

ሂንጋኖ ሚዛኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በሩ ገርበብ እንዳለ ታውቃለች። ከበሩ ወዲያ ማን እንደተቀመጠችም ታውቃለች። እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ የኖረው ነገር ያለ ምንም ችግር ወጣ፤ እሷንም ገረማት።

«አባታችን የሞተው ስለተዘጋ ነው። ጫፉን የሳብኩት እኔ ነበርኩ። ከአቅሙ በላይ እንደሆነ እጄ ነግሮኝ ነበር። ትልቅ ሰው እየሠራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የገደለው እጄ አይደለም፤ ዝምታዬ ነው።»

ከኮረብታው ሥር መዝሙሩ አልቆ ስብከት ሳይጀመር አይቀርም፤ ምንም አይሰማም። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች። ሜሌአኔ ተነስታለች።

«ሂንጋኖ።»

«አቤት፣ አክስቴ።»

«ሥሩ እኮ የተኛው ልክ እዚያ ላይ ነበር። ሆዱ ላይ። እኔ እባክሽ ፎላውን የያዘው መስሎኝ...» ድምፅዋ ተሰበረ። ያቺ ሴት ድምፅዋ ሲሰበር የሰማ የለም። «ለካ ወንድሜ ይህንኑ ሲነግረን ነበር። ‹ሆዴን ተጭናችሁኛል› ነው የሚለው። ማን ሰማው?»

ሂንጋኖ ጨርቁ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ውስጡ ያለው እንጨት መሬቱን ሲመታ ሰማች። ከአንሶላው ወዲያ ፔኒሲማኒ እጁን ይዞ ይጠብቃል።

«ጫፎቹን ራሳቸው በሚመቻቸው ቦታ ይተዉአቸው» አለችው። ድምፅዋ ጸንቷል። «ሞራውን አንጀቱ ላይ ያንጥፉ። ከላዩ መረቡን ያልብሱና ዙሪያውን ይስፉ። ምንም አይሳቡ። ትንሽ እብጠት ይቀርለታል።»

«ይቀየመኛል።»

«ይቀየምዎ። ቂም ለመያዝ መጀመሪያ መኖር አለበት።»

ኡንጋቴያ ሳቀች። ሥራው ቀጠለ። ፔኒሲማኒ አሁን የሚያየውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ይነግራት ጀመር፤ ሞራ፣ ጡንቻ፣ ደም፣ ስብ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ እንደ ተናዘዘ ሰው ቀልሎት። ማሽኑ ከበደኝ ማለቱን ተወ። መጨረሻ ላይ ቆዳው ተሰፋ፤ ኡንጋቴያ መድኃኒቱን ዘጋች፤ ቱቦው ወጣ፤ አንድ ወፍራም ሳል ተሰማ፤ ከዚያ በራሱ ጉሮሮ የሚሳብ ትንፋሽ።

ፎላው የሚነቃበት ጊዜ ስለሆነ ሂንጋኖ መውጣት ነበረባት። ተነሳች። ናይለኑ ወዲያ ከምንም ጋር ሳይታሰር በቀዳዳው ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ስባ አወጣችውና እንደ ድሮው ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር።

«ያዘ?»

የፎላው ድምፅ ነው። በመድኃኒቱ ጎርፍ ውስጥ ያለ፣ ወፍራም፣ የሕፃን ዜማ ያለው ድምፅ። ከአንሶላው ወዲያ የፔኒሲማኒ እቃ መልቀም ቆመ። ኡንጋቴያ ግንባሯን አዞረች።

«ሂንጋ... ያዘ እንዴ? ንገሪን እንጂ!»

ወንድም እህቱን እንደ ልጅነታቸው ስሟን አሳጥሮ እንዲህ አይጠራም። እህትም ብትሰማ እንዳልሰማች ሆና ትወጣለች። ሁሉም ይህንን ይጠብቁ ነበር። ሂንጋኖ በሩን አየች። በክፍተቱ ውስጥ ሜሌአኔ ቆማለች፤ ፊቷ እርጥብ ነው፤ ተይም ውጪም አላለችም።

ሂንጋኖ ፊቷን ወደ አንሶላው መለሰች። ወንድሟ ረጅም አየር ሳበ፣ ሳይያዝ ለቀቀ። ከግራ ትከሻዋ በስተኋላም ያኛው አለ፤ ይስባል፣ ይያዛል፣ ይስባል። ለመጀመሪያ ጊዜ በቃ አላለችውም።

«ያዘ» አለች ጮክ ብላ።

ከዚያም ደግማ፣ ለሁለቱም፣ «ያዘ» አለች።